የሰኔ ገብስና የነሐሴ ድንጉላ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ የሚያቀናው መንገድ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል በደጋው ሜዳ ላይ ከሄደ በኋላ፣ ምድር በድንገት ተቈርጣ ወደ ቆላ በምትወርድበት አፋፍ ላይ ጎረቤላ ትገኛለች። ዛሬ የአንኮበር ወረዳ መቀመጫ የሆነችው ይህች ከተማ በአንድ ወገኗ የገብስና የባቄላ አገር የሆነውን ብርዳም ደጋ፣ በሌላው ወገኗ ወደ ዓልዩ አምባና ወደ አዋሽ ሸለቆ የሚወርደውን ቁልቁለት ይዛ ስለ ተቀመጠች፣ የባላገሯ ኑሮ መኪና ከመምጣቱ በፊት ብቻ ሳይሆን ከመጣም በኋላ ከጋማ ከብት ጀርባ አልወረደም። እህሉ ከማሳ ወደ አውድማ፣ ከአውድማ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ገበያ የሚሄደው በፈረስ፣ በበቅሎና በአህያ ነው፤ ሙሽራም በፈረስ ይታጀባል፤ በጥምቀትም ታቦቱን ወደ ባሕረ ጥምቀት የሚያጅበው ሕዝብ ፈረሰኛ ከሌለበት በዓሉ የጐደለበት ይመስለዋል።

በዚህ አገር አንዲት ባዝራ ሁለት ክረምት ተጠቅታ ሳትይዝ ስትቀር፣ ሰው ሁሉ የሚናገረው ስለ እርሷ ነው። «መካን ናት» ትባላለች፤ «ብርድ ገብቷታል» ትባላለች፤ ጠበል የሚያጠጣትም አለ፤ ተስፋ ቈርጦ ገበያ የሚያወጣትም አለ። ድንጉላው ግን በነገሩ ውስጥ የሌለበት ይመስል ከልካይ በሌለው ሜዳ ላይ ሣሩን ይነጫል፤ ስለ እርሱ የሚጠይቅ የለም። ከባዝራዋ ጋር ሲታገል ስለ ታየ ብቻ ሥራውን የፈጸመ ይመስለናል። መውጣትና ማስረገዝ ግን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች ናቸው፤ ብርቱ ሆኖ የሚያንኰራኵር፣ መሬት በኮቴው የሚጭርና ባዝራን ሁሉ የሚያሳድድ ድንጉላ ዘሩ የደከመ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም ከውጭ አይቶ የሚያውቅ ዓይን የለም።

ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ ስለ ድንጉላው፣ ይልቁንም ስለ ድንጉላው ግርግም ልናገር እወዳለሁ፤ ምክንያቱም ብዙ ጊዜ የባዝራዋ ማኅፀን ነው የተባለው ጥፋት የሚጀምረው ከዚያ ከባዶው ግርግም ነው ብዬ አምናለሁና።

በቅድሚያ የነገሩን ክብደት እንመዝን። ባዝራ 11 ወር ያህል ስለምታረግዝ፣ ሁሉ ቢቀናት እንኳ በዓመት ከአንድ ውርንጭላ በላይ አትሰጥም፤ ድንጉላ ግን በአንድ ክረምት የብዙ ባዝራዎች ባል ነው። አንዲት ባዝራ ስትመክን የሚጐድለው አንድ ውርንጭላ ሲሆን፣ ድንጉላው ሲደክም ግን የመንደሩ ሁሉ ዓመት ይጐድላል። በጎም ዘር እንዲሁ በእርሱ በኩል ይበዛል፤ በእንግሊዝ አገር ለእሽቅድምድም የተለየው የፈረስ ዘር ሁሉ በአባት በኩል ወደ ኋላ ቢቈጠር፣ በ17ኛውና በ18ኛው መቶ ዓመት ከምሥራቅ ተወስደው ወደዚያ ከገቡ ሦስት ድንጉላዎች፣ ማለት ከባየርሊ ተርክ፣ ከዳርሊ አረቢያንና ከጎዶልፊን አረቢያን አያልፍም። ሦስት ፈረሶች የአንድ ዘር ሁሉ አባቶች ሆኑ ማለት ነው።

የእኛም አባቶች ፈረስን ያከበሩት ከማንም ባነሰ አይደለም። ከ1805 እስከ 1840 ዓ.ም. በሸዋ የነገሠው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ በአንኮበርና በአንጎለላ ሲቀመጥ፣ ኃይሉ የቆመው በፈረሰኛው ሠራዊት ላይ ነበር፤ በዚያው በአንጎለላ በ1836 ዓ.ም. የተወለደው የልጅ ልጁ ዳግማዊ ምኒልክም እስከ ዛሬ በፈረሱ ስም አባ ዳኘው ሲባል ይኖራል። ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ራስ መኰንን አባ ቃኘው፣ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ አባ መቻል፣ ደጃዝማች ባልቻ አባ ነፍሶ፤ የሰው ስም ከፈረስ ስም ጋር እንዲህ የተጋባበት አገር በዓለም ላይ ብዙ አይገኝም። የቤተ መንግሥቱን ፈረሶች የሚያስተዳድረው ባልደራስ የሚባለው ሹም ከባለ ማዕርጎቹ አንዱ ነበረ፤ በአዲስ አበባም እስከ ዛሬ ባልደራስ የሚባል ሰፈር አለ። ስለ ጦር ፈረሶቹ ጀግንነት ብዙ ይነገራል፤ እነርሱን ያስገኘው ድንጉላ የማን ቤት ድንጉላ እንደ ነበረ፣ ምን ይበላ እንደ ነበረ ግን ሽማግሌዎቻችን ሲተርኩ አይሰማም። ክብሩን ለጋላቢውና ለተጋላቢው ሰጥተን አባትየውን ረሳነው።

ዛሬም ልማዳችን ከዚህ አልራቀም። ወጣቱ ፈረስ አካሉ ሲጠና፣ ቁመቱ የሚያምረው፣ አንገቱ የተቀሰረው፣ ዳማውና አምባላዩ ተመርጦ ይቀጠቀጣል፤ ሰንጋ ፈረስ ሆኖ ለኮርቻ ይገራል፤ ዋጋውም ያድጋል። ሳይቀጠቀጥ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ባለቤቱ ችላ ያለው ወይም ለጭነት ብቻ ይበቃል የተባለው ነው። እንግዲህ ከመንጋው ውስጥ ምርጡን ከዘር ለይተን፣ የቀረውን ለአባትነት እንተዋለን ማለት ነው፤ በበግ ወይም በዘር እህል ላይ እንዲህ የሚያደርግ ገበሬ ቢኖር ጎረቤቱ ሁሉ በገሠጸው ነበር። የኢትዮጵያን ፈረሶች መልክና ቁመና ያጠኑ ሊቃውንት የሐበሻ፣ የሰላሌ፣ የባሌ፣ የቦረን፣ የሆሮ፣ የከፋ፣ የኦጋዴንና የኩንዱዶ ብለው ስምንት ወገን ለይተዋል፤ ይህ ሁሉ ሀብት ሳይጠበቅ በልማድ እጅ ብቻ መቅረቱ ያሳዝነኛል።

አሁን ወደ ባሕርዩ እንግባ። በ1677 (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) ሌዌንሁክ የሚባለው የሆላንድ ሰው በማጉያ መስተዋቱ ሲመለከት የወንድ ዘር በዓይን የማይታዩ፣ ጭራ ያላቸውና የሚዋኙ ሕዋሳት የሞሉበት መሆኑን አየ። ዛሬ እንደሚታወቀው፣ አንድ የጐለመሰ ድንጉላ እንዲህ ያሉትን የዘር ሕዋሳት በየመዓልቱና በየሌሊቱ በቢሊዮን እየቈጠረ ይሠራል፤ ነገር ግን ዛሬ የተጀመረው ሕዋስ ዛሬ አያልቅም። ከተጀመረበት ቀን አንሥቶ ቅርጹን እስኪያገኝ 57 ቀን ያህል ይፈጃል፤ ከዚያም በዘር ፍሬው ጀርባ በተጠመጠመው ቀጭን ቦይ ውስጥ እየተጓዘ የመዋኘትና የማስረገዝ ኃይል እስኪያገኝ አንድ ሳምንት ያህል ይጨምራል። በጠቅላላው ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ነው። እግዚአብሔር በዚህ ሥራ ላይ ልዩ ጥንቃቄ አድርጓል፤ የዘር ፍሬዎቹን ከሆድ አውጥቶ በከረጢት ያንጠለጠላቸው፣ ሥራው ከሰውነቱ ሙቀት በጥቂት ዲግሪ በሚቀዘቅዝ ስፍራ ካልሆነ ስለማይሳካ ነው።

ከዚህ ሁለት ነገር ይከተላል፤ ሁለቱም በጎረቤላ ላይ በቀጥታ ይወድቃሉ።

የመጀመሪያው ስለ ትኵሳት ነው። ድንጉላ በማንኛውም ምክንያት ብርቱ ትኵሳት ከያዘው፣ የዘር ፍሬው ውስጥ በዚያን ጊዜ የተጀመሩት ሕዋሳት ይበላሻሉ፤ ጉዳቱ ግን በዚያው ሳምንት አይታይም፤ ፈረሱ ድኖ፣ በልቶ፣ ጠግቦ፣ ባለቤቱም ሕመሙን ከረሳ በኋላ በሚቀጥሉት ሳምንታት ይገለጣል፤ ዘሩ ዳግመኛ የሚጠራው ሁለት ወር ያህል ቆይቶ ነው። የአንኮበር አፋፍ ሰው ክረምቱ ሲወጣ ጭነቱን ጭኖ ወደ ቆላ ይወርዳል። በዚያ ወራት ደግሞ በቆላው እርጥበት የምትራባው ጥቃቅን ትንኝ የአፍሪካ ፈረስ በሽታ የሚባለውን ብርቱ ደዌ ከፈረስ ወደ ፈረስ ታዘዋውራለች፤ ይህ ደዌ የያዘው ፈረስ ብዙ ጊዜ አይተርፍም። ስለዚህ ለዘር የተመረጠ ድንጉላ በመስከረምና በጥቅምት ወደ ቆላ ገበያ ባይወርድ ይበጃል፤ ክትባቱም በቢሾፍቱ በሚገኘው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ስለሚሠራ፣ ከወቅቱ በፊት የወረዳውን የእንስሳት ሐኪም መጠየቅ ይገባል።

ሁለተኛው የበለጠ ስውር ነው፤ ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝም እርሱ ነው። ባዝራዎቻችን በብዛት የሚፈልጉት ለምለሙ ሣር ከበቀለ በኋላ በክረምት ነው፤ ይህም መልካም ነው፤ በነሐሴ የተጠቃች ባዝራ በሚቀጥለው ሐምሌ ስትወልድ ሣሩ ስለሚቈያት ወተቷ ይበዛል። እንግዲህ ከነሐሴ ሁለት ወር ከጥቂት ቀን ወደ ኋላ ቍጠሩ። የነሐሴ ዘር የሚጀመረው በግንቦት መጨረሻና በሰኔ መጀመሪያ ነው። ግንቦትና ሰኔ ደግሞ በሰሜን ሸዋ ደጋ ምን እንደ ሆኑ የማያውቅ የለም። የበልጉ ዝናብ ቆሟል፤ የበልጉ ገብስ ገና ከማሳ አልገባም፤ ክረምቱ ገና አልጣለም፤ ባለፈው ኅዳር የተከመረው ድርቆሽ አልቆ የቀረው ከክምሩ ሥር የተረገጠው ነው። ፈረሱ ጐድኑ የሚቈጠረው በዚያ ወራት ነው፤ ጀርባው በጭነት የሚቈስለውም በዚያው ወራት ነው። ከዚያ ሐምሌ ይገባል፤ ሣሩ ይበቅላል፤ ድንጉላው በሦስት ሳምንት ውስጥ ጠጉሩ ያብለጨልጫል፤ በነሐሴ የሚያየው ሰው ሁሉ «ይህ ነው ድንጉላ!» ይላል። ነገር ግን በነሐሴ በአንጸባራቂ ጠጉር የተሸፈነው ሰውነት የሚያወጣው ዘር በሰኔ ረኀብ የተሠራ ዘር ነው። ዓይን የሚያየው የሐምሌን ሣር ነው፤ ማኅፀን የሚቀበለው የሰኔን ባዶ ግርግም ነው።

ታዲያ ምን ይበላ? መልሱ የሚጀምረው ከክብደቱ ነው። ሚዛን በሌለበት አገር የልብስ ሰፊ ሜትር ይበቃል፤ ከፊት እግሮቹ ጀርባ ደረቱን ዙሪያ በሴንቲሜትር ለክቶ ያንኑ ቍጥር በራሱ ማብዛት፣ ከዚያም ከትከሻው ጫፍ እስከ ታፋው ጫፍ ባለው ርዝመት ማብዛት፣ የተገኘውንም ለ11,877 ማካፈል ነው። ደረቱ 145፣ ርዝመቱ 130 ሴንቲሜትር የሆነ ፈረስ በዚህ ስሌት 230 ኪሎ ገደማ ይሆናል፤ የደጋችንም ድንጉላ ከዚህ ብዙ አይርቅም። እንዲህ ያለው ፈረስ ለማጥቃት ሲዘጋጅ በቀን 5 ኪሎ ያህል ደረቅ መኖ ይፈልጋል፤ ከዚህም ውስጥ ቢያንስ ሦስት ኪሎ ተኩሉ ድርቆሽ መሆን አለበት፤ የፈረስ አንጀት ለሣር እንጂ ለእህል አልተፈጠረምና። በቀረው ላይ አንድ ኪሎ ከሩብ የተፈረከሰ ገብስ ወይም አጃ፣ ሩብ ኪሎ ያህልም ተከክቶ የራሰ ባቄላ ይጨመራል፤ ገብሱ ኃይል ይሰጠዋል፤ ባቄላው ገብሱ የጐደለውን ገንቢ ምግብ ይሞላለታል። እህሉን ጧትና ማታ ከፍሎ መስጠት ይገባል፤ በአንድ ጊዜ ማፍሰስ ሆድ ቍርጠት ያመጣል።

ድርቆሹ ራሱ ሌላ ነገር አለው። በጎረቤላ ዙሪያ ብዙ ጊዜ ሣር የሚታጨደው ዘሩን ካራገፈና ቢጫ ከሆነ በኋላ ነው፤ ሜዳ ላይም ለፀሐይና ለውርጭ ተሰጥቶ ይከርማል። አረንጓዴነቱን ያጣ ድርቆሽ ግን ለዘር ሥራ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ኤ የሚያስገኘውን ንጥረ ነገር አጥቷል፤ ቫይታሚን ኢውም እንዲሁ ቀንሷል። ሣሩን ሲያብብ አጭዶ፣ በጥላ አድርቆ፣ ከጣራ በታች ያስቀመጠ ሰው በሰኔ ሲከፍተው አረንጓዴነቱንና ሽታውን እንደ ያዘ ያገኘዋል። ለድንጉላው አንዲት ሸክም እንዲህ ያለ ድርቆሽ ለብቻዋ ብትቀመጥ ከብዙ መድኃኒት ትበልጣለች። የባቄላና የአተር ገለባም ከገብስ ገለባ ይልቅ የተሻለ ነው፤ አብሮት ሊቈይ ይገባል።

ስለ ጨው አንድ ነገር ልጨምር። በድሮ ዘመን ከአፋር ወገን የሚመጣው ጨው በዓልዩ አምባ በኩል ወደ አንኮበር ሲወጣ፣ አሞሌው ገንዘብ ሆኖ አገር ይዞር እንደ ነበር ይታወቃል፤ ከብቶቻችንም ከዚያ ጨው እየላሱ ኖረዋል። ድንጉላ በቀን አንድ የሾርባ ማንኪያ ያህል ጨው ይበቃዋል፤ ጨው ያገኘ ፈረስ ብዙ ውኃ ስለሚጠጣ፣ በቀን ሃያ ሊትር ያህል ንጹሕ ውኃ መቅረቡን አለመርሳት ነው።

ፍሩሽካ ርካሽና ተወዳጅ ነው፤ ሆኖም በውስጡ ያለው ፎስፎረስ በዝቶ ካልሲየሙ ስለሚያንስ፣ በፍሩሽካና በገብስ ብቻ የሚኖር ፈረስ አጥንቱ እየሳሳ ይሄዳል፤ የባቄላ ገለባ ወይም ሌላ የጥራጥሬ ድርቆሽ አብሮት ከቀረበ ግን ሚዛኑ ይስተካከላል። አተላም ትኵሱ በጥቂቱ ቢሰጥ አይጐዳም፤ የሻገተና የኰመጠጠ ግን ለፈረስ ሆድ መርዝ ነው። ከሁሉ አብልጬ የማስጠነቅቀው ስለ ጓያ ነው። ጓያ በሰሜን ሸዋ በሰፊው ይዘራል፤ በሰው ላይ እግር እንደሚያሽመደምድ ሁላችን እናውቃለን። ፈረስ ከእንስሳት ሁሉ ይልቅ ለዚህ መርዝ የተጋለጠ ነው፤ ጓያ የለመደ ፈረስ የኋላ እግሩ ይዝላል፤ የጉሮሮው ጅማት ስለሚሽመደመድም ሲሮጥ እያጓራ ይተነፍሳል። የኋላ እግሩ የዛለ ድንጉላ ደግሞ በባዝራ ላይ ሊወጣ አይችልም። ስለዚህ ባቄላ ተወዶ ጓያ ረክሶ ቢገኝም፣ ጓያው ከግርግሙ ይራቅ።

ማወፈርም ልክ አለው። ጐድኑ በዓይን የሚቈጠር ድንጉላ የተራበ ነው፤ ጐድኑ በእጅ ሲዳሰስ የማይገኝ ደግሞ ከልክ በላይ የወፈረ ነው፤ በከረጢቱ ዙሪያ የሚጠራቀመው ስብ የዘር ፍሬውን ያሞቀዋል። ጐድኑ በዓይን ሳይታይ በእጅ የሚዳሰስበት መካከለኛው መልክ ነው የሚፈለገው። ይህ መልክ በሥራ እንጂ በቁም እስር አይገኝም፤ በየቀኑ ግማሽ ሰዓት የሚሄድ ድንጉላ ልቡም ጅማቱም ይጠነክራል፤ ጀርባው እስኪላጥ የሚጫን ግን ሕመሙ ፍላጎቱን ያጠፋበታል። ብዙ ሰው «ሐሞቱ ፈሰሰ» የሚለው ድንጉላ ጀርባው የቈሰለ፣ ኮቴው የተሰነጠቀ ወይም የመንጋጋ ጥርሱ ስለት አውጥቶ ምላሱን እየወጋው ማላመጥ ያቃተው ነው። የበላው እህል ሳይፈጭ በፋንድያው ውስጥ ወጥቶ ከታየ፣ ገብስ ከመጨመር በፊት አፉን ማስመርመር ይቀድማል። የሆድ ትሉም በዓመት ሁለት ጊዜ ያህል በሐኪም ምክር ቢታከም፣ ለትል የሚቀለበው ገብስ ለድንጉላው ይተርፋል።

ለዘር የሚመረጠው ፈረስ ከሦስት ዓመት ባያንስ መልካም ነው፤ በሦስተኛው ዓመት ጥቂት ባዝራ ብቻ ይስጡት፤ ሙሉ ጐልማሳ ሲሆን በወቅቱ ብዙ ባዝራ ይችላል። ከመመረጡ በፊት ሁለቱም የዘር ፍሬዎቹ መውረዳቸውን በእጅ መዳሰስ ይገባል፤ አንዱ በሆዱ የቀረበት ፈረስ ጉድለቱን ለልጆቹ ስለሚያወርስ ለአባትነት አይሆንም። ባዝራ በየ21 ቀኑ ስትፈልግ፣ ድራቷ ከአምስት እስከ ሰባት ቀን ይቈያል፤ እንቍላሏ የሚለቀቀው ግን በመጨረሻው ወገን ነው። እንግዲህ በመጀመሪያው ቀን ብቻ አስጠቅቶ መመለስ ብዙ ጊዜ በከንቱ ነው፤ ከሁለተኛው ወይም ከሦስተኛው ቀን ጀምሮ እምቢ እስክትል ድረስ ቀን እየዘለሉ ማስጠቃት ይሻላል። ድንጉላው ሲጨርስ ጭራውን ደጋግሞ ከፍ ዝቅ ያደርጋል፤ ይህ ካልታየ መውጣቱ ብቻ አይቈጠርለትም። ከብዙ ወራት ዕረፍት በኋላ መጀመሪያ የሚወጣው ዘር በቦዩ ውስጥ ያረጀ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያዋ ባዝራ ላይ ስላልያዘለት ድንጉላውን መኰነን አይገባም።

በዚህ ስፍራ ስለ በቅሎ ማንሣት ግድ ይሆንብኛል። በቅሎ ዋጋዋ ከፈረስ ስለሚበልጥና በአንኮበር ገደል ላይ እርምጃዋ የታመነ ስለ ሆነ፣ ብዙ ገበሬ መልካሚቱን ባዝራውን ለድንጉላ አህያ ይሰጣል። አልነቅፈውም፤ ኑሮው ነውና። ነገር ግን ፈረስ 64፣ አህያ 62 ክሮሞሶም ስላላቸው በመካከላቸው የምትወለደው በቅሎ 63 ይዛ ትወለዳለች፤ እነዚህም ጥንድ ሆነው ስለማይገጥሙ በቅሎ ትውልድ የላትም። እያንዳንዷ በቅሎ የባዝራዋ ዘር የሚቋረጥባት ናት። ሁለት ጊዜ ለአህያ የተሰጠች ባዝራ አንድ ጊዜ ለመልካም ድንጉላ ብትሰጥ፣ በቅሎ የምትወልድ ባዝራ ራሷ ከአገር አትጠፋም።

ከሌላ አገር ገበያ የሚገዛ ድንጉላ ሲመጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። በአርሲና በባሌ ደጋ የታወቀ፣ ከፈረስ ወደ ፈረስ በመጠቃት የሚተላለፍ ዱሪን የሚባል በሽታ አለ፤ የብልቱ አካባቢ ያብጣል፤ በቆዳው ላይ የማርያ ቴሬዛ ብር የሚያክል ክብ እብጠት ይወጣና ይጠፋል፤ ከዚያም ፈረሱ እየበላ ይከሳል፤ የኋላ እግሩ ይጐተታል። እንዲህ ያለ ምልክት የታየበት ድንጉላ ወደ አንዲትም ባዝራ እንዳይቀርብ፤ በአንድ ክረምት መንደሩን ሁሉ ያዳርሳልና።

እስካሁን የጻፍሁትን ያነበበ የጎረቤላ አባወራ የሚጠይቀኝን አውቃለሁ። «ጌታዬ፣ በሰኔ የልጆቼ ምሳ የሚሆን ገብስ እየቈጠርሁ፣ ለጎረቤቴ ባዝራ ብዬ ድንጉላዬን ገብስ ላብላ?» ይለኛል። እውነቱን ነው፤ በሰኔ ከሌማት ላይ ገብስ አንሥቶ ለፈረስ መስጠትን በአንድ ሰው ጫንቃ ላይ መጣል ግፍ ነው። ድንጉላው ግን የአንድ ሰው ሥራ አይሠራም፤ ፍሬውንም አንድ ሰው ብቻ አይበላውም። ከሰኔ 1 እስከ ነሐሴ 30 ላለው 90 ቀን፣ ከላይ በተጻፈው መጠን ድንጉላው የሚፈልገው 112 ኪሎ ተኩል ገብስና 22 ኪሎ ተኩል ባቄላ ነው። ባዝራቸውን የሚያመጡት አሥራ አምስት ሰዎች ቢሆኑ፣ ለእያንዳንዳቸው 7 ኪሎ ተኩል ገብስና 1 ኪሎ ተኩል ባቄላ ይደርሳቸዋል። ይህም በጥር፣ አውድማው በሞላበት ወራት ተዋጥቶ በባለ ድንጉላው ቤት በአንድ ጎታ ቢከተት፣ ሰኔ ሲመጣ ማንም አይሰማውም።

ይህ ከሩቅ የመጣ ሐሳብ አይደለም። በዚያው በሰሜን ሸዋ በመንዝ፣ ከ2001 ዓ.ም. ጀምሮ ገበሬዎች ከደብረ ብርሃን የእርሻ ምርምር ማዕከልና ከሌሎች አጥኚዎች ጋር ሆነው ለዘር የሚሆነውን አውራ በግ በጋራ መርጠው፣ በጋራ እየጠበቁ፣ በየመንጋው እያዞሩ ያራባሉ፤ የሚመረጠውም ጠቦት እንዳይሸጥና እንዳይታረድ ማኅበሩ ይገዛዋል። በአዊ ደግሞ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በቅዱስ ጊዮርጊስ በዓል ፈረሰኛውን ሁሉ ሰብስቦ በእንጅባራ ያሳልፋል፤ አገር ሁሉ ሊያየው ይሄዳል። መንዝ በግን በጋራ ማራባት ካወቀ፣ አዊም ፈረስን በጋራ ማክበር ካወቀ፣ የአንኮበር ሰው ሁለቱን አጋብቶ፣ በየቀበሌው በዕድሜም በመልክም የተመረጠ አንድ ዳማ ድንጉላ ከመቀጥቀጥ አድኖ በጋራ ሊቀልበው የማይችልበት ምክንያት አይታየኝም። እድሩ አለ፤ ማኅበሩ አለ፤ ሽማግሌው አለ።

የሚያስፈልገው አንድ ሌላ ነገር የተማሪ ደብተር ነው። በባለ ድንጉላው ቤት የሚማር ልጅ የባዝራዋን ባለቤት ስም፣ የተጠቃችበትን ቀን፣ ስንት ጊዜ እንደ ተጠቃች፣ ከ21 ቀን በኋላም ተመልሳ ፈልጋ እንደ ሆነ በየመስመሩ ይጻፍ። ነሐሴ 6 ቀን ተጠቅታ ያልተመለሰች ባዝራ፣ 340 ቀን ቢቈጠርላት፣ በሚቀጥለው ዓመት ሐምሌ 11 ገደማ ትወልዳለች፤ ባለቤቷም ከሰኔ ጀምሮ ከጭነት ያሳርፋታል። ከአሥራ አምስቱ ባዝራዎች መካከል አሥራ ሁለቱ ተመልሰው ቢፈልጉ፣ ደብተሩ ስለ አሥራ ሁለቱ መካንነት ሳይሆን ስለ አንዱ ድንጉላ ይመሰክራል፤ ያን ጊዜ ሰዎቹ ወደ ኋላ ሁለት ወር ቈጥረው፣ በሰኔ የትኛው ሳምንት ገብሱ ተቋርጦ እንደ ነበር፣ ወይም የትኛው ቀን ፈረሱ በትኵሳት ተኝቶ እንደ ነበር፣ ከዚያው ደብተር ላይ ያነቡታል።